ፍሬ ፍሬ የሚሸት ዑድ፦ ዑዱ የቱ ጋ ነው?

ቀጋ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። ከሽቶ ጋር ብዙ ዘመን ያሳለፋችሁ ሰዎች እዚህ እንዳላችሁ ስለማውቅ፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ በራሴ አፍንጫ ልፈታው ሞክሬ ያቃተኝን ጥያቄ ላቀርብላችሁ ወደድሁ።

ሻርጃ የምትሠራው እህቴ ለፋሲካ ወደ አገር ቤት ስትመጣ ላጣፋ የተባለው የኤምሬቶች ሽቶ አምራች የሚያወጣውን «በዲዕ አል ዑድ ሰብላይም» ይዛልኝ መጣች። ገና ሲረጭ የሚሸተው አሁን የተገመጠ ቀይ ፖም ነው። ፖሙ ብቻውን አይደለም፤ ከሥሩ እርጥበት ያለው፣ ወደ ጽጌረዳ የሚያደላ ሌላ ፍሬ ይሰማኛል። ሩብ ሰዓት ያህል ሲቆይ ፖሙ ወደ ኋላ ያፈገፍግና በስኳር የሚፈላ ፕሪምን የሚያስታውስ፣ ወፈር ያለ የማርማላታ ጠረን ይተካዋል። ከሦስት ሰዓት በኋላ ክንዴ ላይ የሚቀረው ቫኒላና አንድ ደረቅ ቅጠል የመሰለ ሙቀት ነው። በጣም ወድጄዋለሁ፤ መሥሪያ ቤት ውስጥም ሁለት ሰዎች ስሙን ጠይቀውኝ ጽፌ ሰጥቻቸዋለሁ።

ግራ የገባኝ ስሙ ላይ ያለው ዑድ ነው። ለእኔ ዑድ ማለት ድሬዳዋ፣ ከዚራ፣ የአክስቴ ቤት ነው። ዓርብ ከሰዓት በኋላ አክስቴ ጥፍር የምታህል የዑድ ስንጣሪ ከሳጥኗ አውጥታ ማጨሻው ላይ ታስቀምጥ ነበር። ጭሱ መጀመሪያ መረር ይላል፤ ቆየት ሲል ይጣፍጣል፤ መጋረጃውና የአልጋ ልብሱ ላይ ደግሞ እስከ እሑድ ድረስ ይሰነብታል። ያንን ጠረን በዚህ ጠርሙስ ውስጥ ደጋግሜ ብፈልገው አጣሁት።

ስለዚህ መጠየቅ የምፈልገው፣ ዑዱ በሽቶው ውስጥ ኖሮ የእኔ አፍንጫ ሳያገኘው ቀርቶ ነው ወይስ ስሙ ብቻ ነው? ፍሬና ዑድስ እንዴት ነው የሚስማሙት? ፍሬ ትኩስና እርጥብ ነገር ነው፤ ዑድ ደግሞ ያረጀና የደረቀ እንጨት ነው፤ ሁለቱን ምን ያገናኛቸዋል? ደግሞስ ያ ደስ የሚለው ፖም ለምንድን ነው እንዲህ ፈጥኖ የሚሄደው? በግንቦት የአክስቴ ልጅ ሠርግ ስላለ፣ ፍሬውም ዑዱም እኩል የሚሰሙበት ነገር ለብሼ ከአክስቴ አጠገብ መቀመጥ እወዳለሁ።

ዐጣር

እህት ቀጋ፣ ጥያቄዎን ሳነብ የድሮ ደንበኞቼ ዐይኔ ላይ ድቅን አሉ። ዱባይ፣ ዴራ ውስጥ፣ ከሽቶ ገበያው አጠገብ በነበረ አንድ ሱቅ ለዘጠኝ ዓመት ሽቶ ስሸጥ የኖርሁ ሰው ነኝ። እርስዎ ያነሡትን ጥያቄም በዐረብኛና በአማርኛ ብዙ ጊዜ ተጠይቄያለሁ።

አፍንጫዎ አላሳሳተዎትም። «በዲዕ አል ዑድ» የዑድ ድንቅ እንደ ማለት ሲሆን፣ የአንድ ሽቶ መጠሪያ ሳይሆን ብዙ ሽቶዎች በጋራ የሚጠሩበት የቤተሰብ ስም ነው። ከዚያ ቤተሰብ «ዑድ ፎር ግሎሪ» የተባለው ሳፍሮን፣ ገውዝና ላቬንደር ያለበት ሲሆን የዑዱ ጠረን ጎልቶ ይሰማል። የእርስዎ ሰብላይም ግን ሲዘረዘር የሚሰጡት ጠረኖች ከላይ ፖም፣ ሊቺና ጽጌረዳ፣ ከመካከል ፕሪምና ጃስሚን፣ ከሥር ደግሞ የዛፍ ሽበት፣ ቫኒላና ፓቹሊ ናቸው። ያ ወደ ጽጌረዳ የሚያደላው እርጥብ ፍሬ ሊቺ ነው፤ ደረቅ ቅጠል ያሉትም ፓቹሊ ነው፤ ፓቹሊ በእርግጥም የደረቀ ቅጠል ዘይት ነውና ሳያውቁት በስሙ ጠርተውታል። ዑድ በዝርዝሩ ውስጥ የለም። ይህን ስል ግን ሰው ተታለለ ለማለት አይደለም። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ዑድ የሚለው ቃል ከአንዱ እንጨት አልፎ፣ ሞቅ ያለና ጥልቅ፣ ልብስ ላይ የሚያድር ሽቶ ሁሉ የሚጠራበት የክብር ስም ሆኗል። ቃሉ ራሱ በዐረብኛ በመሠረቱ እንጨት ወይም በትር ማለት ነው።

አሁን ወደ እንጨቱ ልምጣ፤ ምክንያቱም ፍሬና ዑድ ምን ያገናኛቸዋል ላሉት ጥያቄ መልሱ ያለው እዚያ ነው። ዑድ የሚገኘው አኩይላሪያ ከሚባሉ የደቡብና የደቡብ ምሥራቅ እስያ ዛፎች ነው፤ ከአሳም ጀምሮ በካምቦዲያ፣ በታይላንድና በላኦስ አልፎ እስከ ኢንዶኔዥያ ደሴቶች ድረስ ይበቅላሉ። ጤነኛው ዛፍ ነጭ፣ ቀላልና ጠረን አልባ ነው። ነፍሳት ሲበሱት ወይም ሲቆስል ሻጋታ ይገባበታል፤ ዛፉም ራሱን ለመከላከል ጥቁር ሙጫ ያመነጫል። ሙጫው በዓመታት ውስጥ እንጨቱን ሰርስሮ ሲያጠግበው ያ እንጨት ዑድ ይባላል። ሙጫ ጠግቦ የከበደው ምርጡ እንጨት ውኃ ውስጥ ሲጣል ይሰምጣል። የዱር ዛፉ እየተመናመነ ስለ መጣ ዋነኛው ዝርያ እ.ኤ.አ. በ1995፣ የቀሩትም በ2005 ንግዳቸው በዓለም አቀፉ የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድ ስምምነት ቁጥጥር ሥር ገብቷል። ዋጋው የሚወደደውና በአብዛኛው ጠርሙስ ውስጥ እውነተኛው ዘይት የማይገኘውም በዚህ የተነሣ ነው።

ከእንጨቱ የሚወጣው ዘይት፣ ደህን አል ዑድ የምንለው፣ እንደ መጣበት አገር ጠባዩ ይለያያል። ሂንዲ የሚባለው የአሳም ዑድ ቆዳ ቆዳ፣ በረት በረት ይሸታል፤ ያልለመደ ሰው ፊቱን ያዞራል፤ የለመደው ግን ሌላውን ሁሉ እንደ ውኃ ይቆጥረዋል። ከምቦዲ የሚባለው ደግሞ ጣፋጭ ነው፤ በውስጡ ፍሬ አለው። በሥራዬ መጀመሪያ ላይ አንድ አዛውንት የኤምሬት ደንበኛ የራሳቸውን ብልቃጥ ከኪሳቸው አውጥተው አንዲት ጠብታ እጄ ላይ አኖሩልኝና «ምን ይሸትሃል?» አሉኝ። እንጨት ይሸተኛል ብዬ ስጠብቅ የመጣልኝ ልጅ ሳለሁ ጅማ አጠገብ፣ ከዛፉ ሥር ረግፎ ጥቂት ቀን ያደረ የዶቅማ ፍሬ ነበር፤ ጣፋጭ፣ ጨለም ያለ፣ ወደ ወይን ጠጅነት ሊለወጥ ጫፍ ላይ የደረሰ። ፍሬ ጠርሙስ ውስጥ ስላልተጨመረ ያ ፍሬ የእንጨቱ የራሱ ነበር። ያን ቀን የተማርሁትን እስከ ዛሬ አልለወጥሁም።

ስለዚህ ፍሬ በዑድ ላይ የተጫነ ባዕድ ነገር ነው ብዬ አላምንም። ዑድ ውስጥ ያለው ፍሬ ግን ትኩስ ፍሬ አይደለም፤ እጅግ የበሰለ፣ መፍላት የጀመረ ፍሬ ነው። ሽቶ ቀማሚው ይህን ከተረዳ የሚመርጠው ፍሬ ከእንጨቱ ጋር የሚገናኝበትን ብስለት ያለው ይሆናል፤ ፕሪም፣ እንጆሪ፣ ቴምር፣ የደረቀ ኮክ፣ ፓሽን ፍሩት። አረንጓዴ ፖም ወይም ሎሚ ብቻ ከላይ ቢደረግ ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች አንድ ወንበር ላይ እንደ ተቀመጡ ይሆናል፤ ፍሬው ቀድሞ ይነሣና ይሄዳል፤ እንጨቱም ብቻውን ይቀራል።

እውነተኛውን መገናኘት ማሽተት ከፈለጉ ሜዞን ክሪቬሊ የተባለው የፈረንሣይ ቤት እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣውን «ዑድ ማራኩጃ» አንድ ቀን ቢያገኙ ይሞክሩት። ጆርዲ ፈርናንዴዝ የቀመረው ሲሆን ማራኩጃ ማለት ጁስ ቤት የምናውቀው ፓሽን ፍሩት ነው። ሲረጭ የፍሬው ኮምጣጤነት ያለው ጣፋጭነት ይፈነዳል፤ ወዲያው ግን ሳፍሮኑና ቆዳው ከሥር ይዘውት ይነሣሉ፤ ፍሬው ሳይጠፋ እየጨለመ ይሄዳል። ዋጋው ከእርስዎ ሰብላይም ብዙ እጥፍ ስለሆነ ግዙ አልልም፤ በናሙና ብልቃጥ አንድ ቀን መልበስ ግን ብዙ ያስተምራል።

ስለ ሠርጉ ያለኝን ምክር ሌሎች ከተናገሩ በኋላ እመለስበታለሁ።

ብልቃጥ

ወንድም ዐጣር ከተናገሩት ውስጥ አብዛኛውን እጋራለሁ፤ የዶቅማው ነገር በተለይ በቃሌ የሚቀር ነው። ኬሚስትሪ አስተማሪ ስለሆንሁ ከዚያ በኩል ያለውን ልጨምርና አንድ ነጥብ ላይ ደግሞ በአክብሮት ልለይ።

የምለየው በአገር ስሞቹ ላይ ነው። ሂንዲ፣ ከምቦዲ የሚሉት ስሞች ዛሬ የሚናገሩት ከአፈሩ ይልቅ ስለ አዘገጃጀቱ ነው። የተፈጨው እንጨት ከመነጠሩ በፊት ውኃ ውስጥ ይዘፈዘፋል፤ ዝፍዝፉ በረዘመ ቁጥር መፍላቱ ይበረታል፤ የበረቱ ጠረንም ይጎላል። ዝፍዝፉ ሲያጥርና እሳቱ ሲለዝብ ዘይቱ ወደ ጣፋጭነት ያደላል። ከምቦዲ የሚባለው ዘይት ብዙው ዛሬ ታይላንድ ውስጥ ከተተከሉ ዛፎች የሚወጣ ነው። ከዚህም ሌላ ስሙን አምኖ የሚገዛ ሰው ይጎዳል። እኔ ራሴ ንጹሕ ከምቦዲ ተብሎ ከአንድ ሱቅ የገዛሁት ብልቃጥ በማግሥቱ የቫኒላ ጠረን ብቻ ሆኖ አገኘሁት፤ እውነተኛ የዑድ ዘይት ግን በማግሥቱም እንጨትነቱን አይለቅም።

አሁን ወደ ፍሬው። ሽቶ ውስጥ ያለው ፖም ከፖም አልተጨመቀም። ከብርቱካንና ከሎሚ ወገን ልጣጭ በቀር፣ ከሚበሉ ፍሬዎች ለሽቶ የሚሆን ዘይት ማውጣት አይቻልም ማለት ይቀላል፤ ፍሬው ውኃና ስኳር ነው፤ ጠረኑ ኢምንት ነው። ስለዚህ የፍሬን ጠረን የሚሰጡት ውህዶች በቤተ ሙከራ ይሠራሉ። ይህ አዲስ ነገርም አይደለም፤ ዣክ ጌርላን እ.ኤ.አ. በ1919 ባወጡት «ሚትሱኮ» ውስጥ ያለው ታዋቂ ኮክ ጋማ አንዴካላክቶን የተባለ ውህድ ነው፤ እስከ ዛሬም ኮክ የሚሸቱ ሽቶዎች ያንኑ ይጠቀማሉ።

እህት ቀጋ «ፖሙ ለምን ፈጥኖ ይሄዳል?» ብለው ጠይቀዋል። ፖም ፖም የሚሸቱት፣ ኤስተር የሚባሉት ውህዶች ትንንሽና ቀላል ሞለኪውሎች ስለሆኑ ነው። ከእነርሱ አንዱ የሆነው ኤቲል 2-ሜቲልቢዩቲሬት የሞለኪውል ክብደቱ 130 ሲሆን፣ ወደ ፒር ፍሬ የሚያደላው ሄክሲል አሲቴት 144 ነው። የሰውነታችን ሙቀት እነዚህን በደቂቃዎች ውስጥ ያተናቸዋል። የኮኩ ላክቶን 184፣ ፕሪምና ጽጌረዳ አብረው የሚሸቱበት ዳማስኮን 192 ስለሆኑ ለሰዓታት ይቆያሉ። የዑድ ዘይት ውስጥ ያሉት እንደ አጋሮስፒሮል ያሉ ውህዶች 222 ናቸው፤ ከሥር የሚደረጉት ሰው ሠራሽ ምስኮች ደግሞ 258 እና ከዚያም በላይ የሚደርሱ አሉባቸው። እርስዎ ፖም፣ ከዚያ ፕሪም፣ ከዚያ ቫኒላና ቅጠል ብለው የጻፉት ቅደም ተከተል ከዚህ የክብደት መሰላል ጋር በአብዛኛው ይገጥማል። ክብደት ብቻውን ሁሉን ባይወስንም ለፍሬዎቹ በደንብ ይሠራል። የአየሩ ሙቀትም ያፋጥነዋል፤ ሐምሌ ላይ ሻርጃ ውስጥ እህትዎ ክንድ ላይ ፈጥኖ የሚጠፋው ፖም አዲስ አበባ ውስጥ ሩብ ሰዓት ቢቆይ አያስደንቅም።

ፍሬንና ዑድን የሚያገናኘው ነገር ላይ ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። ቀማሚዎች መካከል ላይ ጽጌረዳ የሚያደርጉት ለጌጥ ብቻ አይመስለኝም። ከጽጌረዳ ዘይት ውስጥ በኢምንት መጠን የሚገኝ ዳማስኬኖን የሚባል ውህድ አለ፤ ጽጌረዳን ጽጌረዳ ከሚያሰኙት አንዱ እሱ ነው። ያው ውህድ በተቀቀለ ፖም፣ በወይን ጠጅና ተቆልቶ በተፈላ ቡና ውስጥም ይገኛል። በአንድ በኩል ፍሬን፣ በሌላ በኩል የተቆላና የጠቆረ ነገርን ይነካል። እንዲህ ያለ ድልድይ ባለበት ፍሬው ወደ እንጨቱ ሲሻገር መገጣጠሚያው አይታወቅም። ሌላው ድልድይ ዳቫና የሚባለው የሕንድ ዕፅ ነው። የእኛው አሪቲ ወገን ነው፤ ዘይቱ ግን ደረቅ ፍሬና ማርማላታ ይሸታል፤ ከዑድ ጋር ሲቀላቀል የእንጨቱን ምሬት ያለዝበዋል። አሪቲን በእጁ አሽቶ የሚያውቅ ሰው ይህን ሲሰማ መገረሙ አይቀርም።

ወንድም ዐጣር የጠቀሱት የፓሽን ፍሩት ነገር ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ይማርከኛል። የዚያ ፍሬ ልዩ ጠረን የሚመጣው ድኝ ካለባቸው ውህዶች ነው። በጣም ትንሽ ሲሆኑ ፍሬ ይሸታሉ፤ መጠናቸው ሲጨምር ላብና የድመት ሽንት ይሸታሉ። ዑድም የበረት ጠረን አለው። ሁለቱ የሚገናኙት በጣፋጭነታቸው ብቻ ሳይሆን በዚያ እንስሳዊ ጎናቸውም ነው። ከጥርኙ ተወስዶ በበሬ ቀንድ ተይዞ ገበያ የሚወጣውን ዝባድ ለቀረበ ሰው ይህ እንግዳ አይደለም፤ ከቅርብ አፍንጫ የሚሰነፍጠው ነገር በሩቁና በጥቂቱ ሲሆን ሌላውን ጠረን ሁሉ ሕይወት ይሰጠዋል። ፍሬያማ ዑድ ላይ ያንን የሚሰነፍጥ ጥግ ሙሉ በሙሉ አጥበው ያወጡት እንደሆነ የሚቀረው ከረሜላ ነው፤ ይህ የእኔ ጽኑ አስተያየት ነው።

በመጨረሻ፣ የአክስትዎን ጭስ በየትኛውም ጠርሙስ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ያገኙታል ብዬ አልጠብቅም። ዑድ ውስጥ ክሮሞን የሚባሉ ውህዶች አሉ፤ በተራ ሙቀት ጠረናቸው ደካማ ነው። እንጨቱ ሲሞቅ ግን ይፈራርሳሉ፤ የኮክ ፍሬ አስኳልን የሚመስል ጣፋጭ ጠረን ያለውን ቤንዛልዴሃይድንና መሰሎቹን ይለቃሉ። መረር ብሎ የሚጀምረው ጭስ ቆይቶ የሚጣፍጥበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ዘይቱ ይህን አያደርግም፤ የሚረጨው ሽቶም አያደርገውም።

ዘጎንደር

ሁላችሁንም በደስታ አነበብሁ። ሽቶ አላውቅም፤ የማውቀው መጽሐፍ ነው። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 19 ቁጥር 39 ኒቆዲሞስ ለጌታ መገነዣ ያመጣው ከርቤና እሬት ተብሎ ተጽፏል። ልጅ ሆነን እሬት ስንሰማ ያችን ጓሮ ያለችውን፣ ቅጠሏ ወፍራም፣ ውስጧ መራራ የሆነችውን ተክል እናስብ ነበር፤ ለምን ከከርቤ ጋር ተጠቀሰች ብለንም ጠይቀናል። ብዙ ሊቃውንት እንደሚሉት ግን በዚያ ቦታ የተጠቀሰው እሬት መዓዛ ያለው እንጨት፣ ማለትም ይህ ዑድ የምትሉት ነው። እህታችን ዑድን ከአክስቷ ቤት ብቻ የምታውቀው መስሏት ከሆነ፣ በስቅለት ሳምንት ሲነበብ በሌላ ስሙ ስትሰማው ኖራለች ማለት ነው። ከፍሬ ጋር ስለ መቀላቀሉ የምለው የለኝም፤ ከከርቤ ጋር ግን ጥንትም ተቀላቅሏል።

ቀጋ (ጠያቂ)

ጋሽ ዐጣር፣ መምህር ብልቃጥና አባባ ዘጎንደር፣ ጊዜያችሁን ሰጥታችሁ ስለ መለሳችሁልኝ ከልብ አመሰግናለሁ። እሬት ያልሁትን ነገር ሁሉ እንደገና ማሰብ ሊኖርብኝ ነው።

መልሶቻችሁን ካነበብሁ በኋላ ዝም ብዬ መቀመጥ ስላልቻልሁ ድሬዳዋ ደውዬ አክስቴን ጠየቅኋት። ዑድዋን ከየት እንደምታመጣው ስትነግረኝ፣ ጅዳ ይሠራ የነበረው ባለቤቷ ከሃያ ዓመት በፊት ያመጣላት ሳጥን እንደሆነና እስከ ዛሬ ቆጥባ እንደምታጨስ ገለጸችልኝ። በሰው እጅ ሦስት ስንጣሪ ላከችልኝ። ትናንት ማታ አንዷን ፍም ላይ አድርጌ ነጠላዬን ከላይ ዘረጋሁበት፤ ጠዋት ደግሞ ክንዴ ላይ ሰብላይሙን ረጭቼ ነጠላውን ለበስሁ።

የሆነውን በትክክል ለመግለጽ ልሞክር። ፖሙ እንደ ወትሮው መጣና እንደ ወትሮው ሄደ። ፕሪሙ ሲመጣ ግን የተለየ ነገር ሆነ፤ ከነጠላው የሚመጣው ጭስ ፕሪሙ ላይ አረፈና ማርማላታ መሆኑ ቀርቶ ደረቅ ፕሪም ሆነ፤ ጣፋጩ ሳይጠፋ ከበድ አለ፤ ከዚራ ያለው ቤት ፍሬ ተቀምጦበት የማላውቀው ጠረጴዛ ላይ ፍሬ የተቀመጠ መሰለኝ። እስከ ከሰዓት በኋላ አልጠፋም። ጋሽ ዐጣር ስለ ብስለት የተናገሩት ነገር የገባኝ ያኔ ነው።

ሁለት ነገር ግን አስቸገረኝ። ጭሱ መጀመሪያ ላይ ከልክ በላይ መረረና ዐይኔን አቃጠለው፤ አክስቴ ቤት እንዲህ አልነበረም። ደግሞም ለሠርጉ የምለብሰው ነጭ የሐበሻ ቀሚስ ስለሆነ እንዲሁ ላደርገው ፈራሁ። የዑድ ዘይት ገዝቼ ክንዴ ላይ ባደርግስ ይሻል ይሆን?

ዐጣር

እህት ቀጋ፣ እኔ ልመክርዎ ያሰብሁትን ቀድመው አድርገውታልና ደስ ብሎኛል። በባሕረ ሰላጤው ቤቶች ዘንድ ልማዱ እንዲሁ ነው፤ ዘይቱ ቆዳ ላይ፣ ጭሱ ልብስ ላይ፣ የሚረጨው ሽቶ ደግሞ በመጨረሻ ከላይ ይሆናል። ቀማሚው ጠርሙስ ውስጥ ያላኖረውን ዑድ ለባሿ ራሷ ከሥር ታኖርለታለች። ሰብላይም ለዚህ ይመቻል፤ ፓቹሊውና ቫኒላው ጭሱን የሚቀበልበት ቦታ አላቸው።

ጭሱ የመረረው ፍሙ ስለጋለ ነው። ዑድ መቃጠል የለበትም፤ መሞቅ ነው ያለበት። ፍሙ ነበልባሉን ጨርሶ በአመድ እስኪሸፈን ይጠብቁ፤ አመዱ ስስ ከሆነ ጥቂት ይጨምሩበት፤ ከዚያ ስንጣሪዋን አመዱ ላይ ያኑሯት። የሚወጣው ጭስ ቀጭን መሆን አለበት። ወፍሮና ጠቁሮ ከወጣ እንጨቱ እየነደደ ነውና ቶሎ ያንሡት። አክስትዎ ይህን በልማድ ስለሚያደርጉት ለእርስዎ መንገር እንዳለባቸው እንኳ አልታሰባቸውም ይሆናል። የቀሩት ሁለት ስንጣሪዎች በዚህ መንገድ ከአንድ ጊዜ በላይ ያገለግልዎታል፤ ጥቁር ከሰል እስኪሆኑ ድረስ አይጣሉም።

ስለ ነጩ ቀሚስ ፍርሃትዎ ትክክል ነው፤ ግን አደገኛው ጭሱ ሳይሆን ዘይቱ ነው። የዑድ ዘይት ጠቆር ያለ ቡናማ ስለሆነ ጥጥ ላይ ከነካ አይለቅም፤ ክንድዎ ላይ ቢያደርጉት እጅጌውና ጥበቡ ይነካዋል። ስለዚህ ለሠርጉ ዘይት አይግዙ። ቀሚሱን በዋዜማው ምሽት በመስቀያ ከፍ አድርገው ይስቀሉትና ማጨሻውን ቢያንስ አንድ ክንድ ያህል ከጫፉ አርቀው ከሥሩ ያኑሩት፤ ፍሙንም ለአፍታ ትተውት አይሂዱ። ነጠላውን ለብቻው በደንብ ያጢሱት፤ ጭስ የሚያድረው በነጠላ ላይ ነው። ሰብላይሙን በጠዋት ቀሚሱን ከመልበስዎ በፊት አንገትዎና ክንድዎ ላይ ረጭተው እስኪደርቅ ይጠብቁ። ምሳ ሰዓት ላይ ፖሙ ይናፍቅዎታልና ትንሽ የመርጫ ብልቃጥ ቦርሳዎ ውስጥ ይዘው ሁለት ጊዜ ብቻ ክንድዎ ላይ ይድገሙት፤ ከጭሱ በላይ ትኩሱ ፍሬ እንደገና ይነሣል።

መምህር ብልቃጥ ስለ አገር ስሞቹ የተናገሩትን ተቀብያለሁ፤ ሱቅ ውስጥ ስንሸጥ የዝፍዝፉን ነገር ማንም አያነሣውም ነበር። ያ የኤምሬቱ አዛውንት ብልቃጥ ግን ከየት አገርም ይምጣ፣ ምን ያህልም ይዘፍዘፍ፣ የዶቅማ ጠረኑን ዛሬም አስታውሰዋለሁ። እህት ቀጋ፣ ከሠርጉ በኋላ አክስትዎ አጠገብዎ ተቀምጠው ምን እንዳሉ ይጻፉልን።